ለታመመ ወንድማችን ያዋጣነው ገንዘብ ሐሜት አመጣ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በቤተ ክርስቲያናችን ለአንድ የታመመ ወንድማችን ገንዘብ ከሚያሰባስቡት ሦስት ሰዎች አንዷ ነኝ። ወንድማችን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ያደርጋል። ወደፊት ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልገው ሐኪሞቹ ነግረውታል። የሦስት ልጆች አባት ነው። ሥራውንም ለማቆም ተገዷል።

ነገሩ ለምዕመናን ሲነገር ሰው ሁሉ አለቀሰ። ፎቶውን ከነቤተሰቡ አሳየን። ሁሉም ያለውን ሰጠ። ገንዘቡ የገባው በእኔ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። ያኔ ተቻኩለን ስለነበር ሌላ መንገድ አላሰብንም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መዋጮው ቀነሰ። ከዚያ ወሬ ተጀመረ። አንዲት እህት ባለቤቱን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ስትከፍል አየኋት አለች። ሌላው ደግሞ ትልቁ ልጅ አዲስ ስልክ ይዟል አለ። “እኛ የሰጠነው ለሕክምና ነው” የሚሉ በዙ። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ባለቤቱ በምዕመናን ፊት ቀርባ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ታስረዳ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ እሷም ከቤተ ክርስቲያን ቀርታለች። ስልኬንም አታነሳም።

ደረሰኝ ልጠይቃት? ወይስ ዝም ልበል? ዝም ካልኩ ሰው መስጠት ያቆማል ብዬ እፈራለሁ። አንዳንዱማ እኔንም በጎሪጥ ማየት ጀምሯል። ለመጠየቅ የማፍረው ሌላም ነገር አለ። ክፉ ነገር ቢመጣ የተረፈው ገንዘብ የማን ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦

እህቴ፣

ዋናውን ነገር ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ባለቤቱን ሰው ፊት አታቁሟት። ደረሰኝ አምጪ ብለሽም አትጠይቂያት። ዝምም ግን አትበይ። የሰጡት ሰዎች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማወቅ ይገባቸዋል። መልስ መስጠት ያለባችሁ ግን እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ። ገንዘቡን ከሰው እጅ የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። ቃል የገባችሁትም እናንተ ናችሁ። እሷ ባሏን ስታስታምም ነው የከረመችው።

ከቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ዘመን ጀምሮ የነበረው ሥርዓትም ይኸው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች ከመቄዶንያ፣ ከአካይያና ከገላትያ ምዕመናን ገንዘብ ሲያሰባስብ የጻፈውን እንደገና አንብቢው። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 16 ላይ ስጦታውን የሚያደርሱትን ሰዎች ሰጪዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ያደርጋል። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ሌላ ወንድም ከቲቶ ጋር እንደላከ ይናገራል። ምክንያቱንም አልደበቀም። ይህን ያህል ገንዘብ ይዘን ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ነው ያለው። ጳውሎስን ያህል ሰው “እኔን እመኑኝ፣ ይበቃል” አላለም። የኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘቡን ምን ላይ እንዳዋሉት የሚጠይቅ መስመር ግን በእነዚያ ምዕራፎች ውስጥ የለም። ጥንቃቄው ሁሉ የተሸካሚዎቹ ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ንም አስቢ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት መበለቶች በየዕለቱ በሚሰጠው እርዳታ ተዘነጉ ተብሎ ጉርምርምታ ተነሳ። ሐዋርያት መበለቶቹን ጠርተው አልመረመሩም። አሠራሩን አስተካከሉ። በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች ተመረጡና ሥራው ለእነሱ ተሰጠ። ለሽማግሌያችሁም ይህንኑ ብትነግሪያቸው እወዳለሁ። በክፉ ልብ አስበውት አይመስለኝም። ወሬውን በአንዴ ማጥፋት ፈልገው ይሆናል። ግን ባሏ ታሞ የተጨነቀች ሴት ለስንት መቶ ሰው ስለ ቤቷ ወጪ እንድታስረዳ ማድረግ፣ እርዳታውን ሁሉ ቅጣት ያደርግባታል። ከዚያ በኋላ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚታመም ሰውም “እኔንስ እንዲህ ቢያደርጉኝ” ብሎ ችግሩን ይደብቃል።

አሁን የእናንተን አሠራር እንይ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገርሽ ቅር አይበልሽ።

ገንዘቡ በአንቺ ስም መቀመጡ ትልቅ ስህተት ነው። አንቺ ሌባ ነሽ እያልኩ አይደለም። ደብዳቤሽን ያነበበ ሰው ልብሽ የት እንዳለ ያውቃል። ግን አንቺ ራስሽ ነገ ብትታመሚስ? ባንክ ሄዶ ገንዘቡን ማን ያወጣል? ሞት ቢመጣስ፣ በሕግ ዓይን ገንዘቡ የአንቺ ነውና ወራሾችሽ የእኛ ነው ሊሉ ይችላሉ። ዕዳ ቢኖርብሽም ያው ነው። በዚያ ላይ ሰው በጎሪጥ ሲያይሽ የምታሳዪው ምንም ነገር የለሽም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሁለቱ ባልደረቦችሽ ጋር ባንክ ሂዱ። በቤተ ክርስቲያኗ ስም፣ ወይም በሦስታችሁ ስም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልፈረመ ገንዘብ የማይወጣበት ሒሳብ ክፈቱ። ፈራሚዎቹ ባልና ሚስት ወይም የቅርብ ዘመዳሞች አይሁኑ። የታማሚው ዘመድም አይሁን። ይህም እሱን ለመጠበቅ ነው። ያለውን ገንዘብ በሙሉ ወደዚያ አዛውሪው። ከመጀመሪያው ቀን እስከ አሁን ያለውን የባንክ መግለጫ አትመሽ ለቤተ ክርስቲያኗ ሒሳብ ያዥ ወይም ለሌላ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ስጪው። ማንም ሳይጠይቅሽ ስጪው። ሳይጠየቁ ማቅረብና ተጠይቆ ማቅረብ በሰው ልብ ውስጥ በጣም ይለያያሉ።

ከዚያ በየወሩ አጭር መግለጫ ይነበብ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። የወጣው ደግሞ በጥቅሉ፦ ለእጥበትና ለመድኃኒት ይህን ያህል፣ ለትራንስፖርት ይህን ያህል፣ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ ይህን ያህል። በቃ። የመድኃኒቱ ስም፣ የምርመራው ውጤት፣ ቤት ውስጥ የተገዛው ዕቃ አይነበብም። ለሆስፒታሉና ለመድኃኒት ቤቱ የሚከፈለውን ከእናንተ አንዱ በቀጥታ ቢከፍለው፣ ደረሰኙ እዚያው በእናንተ እጅ ይገባል። ያኔ እሷን ደረሰኝ መጠየቅ ጭራሽ አያስፈልግም። ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የሚሰጠው ደግሞ በየወሩ ተቆርጦ ይሰጣት፤ መውሰዷን ትፈርምላችሁ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የእሷ ነው። በእሱ ምን ገዛሽ የሚል ጥያቄ የለም።

ወደ ወሬው እንምጣ። “እኛ የሰጠነው ለሕክምና ነው” የሚሉት ሰዎች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ብዬ አላምንም። ስትጠይቋቸው ምን ብላችሁ ነበር? “ለሕክምናው እርዱት” ብቻ ብላችሁ ከሆነ፣ ሰዎቹ የያዙት የእናንተን ቃል ነው። ስለዚህ ቃሉን ያጎደለው ጥሪው ነው፤ ይህንንም በግልጽ ማስተካከል ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ጉባኤ ከሦስታችሁ አንዳችሁ ተነሱና እንዲህ በሉ፦ “ስንጠይቃችሁ ለሕክምና ብለን ነበር። ወንድማችን ሥራ ስላቆመ ቤቱም አብሮ ታሟል። ከአሁን በኋላ የምንሰበስበው ለሕክምናውና ለቤተሰቡ መተዳደሪያ ነው። ለሕክምና ብቻ ይዋልልኝ የሚል ሰው ይንገረን፤ የእሱን ለይተን ለሆስፒታል እንከፍላለን።” እንዲህ ሲባል አብዛኛው ሰው ለይታችሁ ያዙልኝ አይልም። የሚልም ካለ መብቱ ነው። ሳትቀየሙት ቃሉን ጠብቁለት።

ለምን ቤቱም ታሟል እንደምል ላስረዳሽ፤ ለሰውም ማስረዳት ያለብሽ ይህንኑ ነውና። የኩላሊት እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መሄጃውና መመለሻው ሲጨመር ሦስት ቀኑ አለቀ። ብዙ ታማሚዎች ደግሞ ከእጥበት በኋላ ለሰዓታት ይዝላሉ። እንዲህ ያለ ሰው መደበኛ ሥራ ይዞ መቀጠል ይከብደዋል። አስታማሚዋም ሥራ ካላት ከሥራዋ እየቀረች ነው። ሕክምናው ወጪ ሲጨምር በሽታው ገቢ ይቀንሳል። ሁለቱ የሚመጡት በአንድ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሪፖርት፣ በ2019 ወደ 2 ቢሊዮን የሚሆን ሰው ለሕክምና ከኪሱ በሚያወጣው ገንዘብ ምክንያት ለኢኮኖሚ ችግር ተዳርጎ ነበር። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው መለኪያ፣ አንድ ቤተሰብ ከጠቅላላ ወጪው ወይም ገቢው ከ10 በመቶ በላይ ለሕክምና ከከፈለ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ ደረሰበት ይባላል። 10 በመቶ ብቻ! በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት የሚከፍል፣ ገቢውም የተቋረጠ ቤተሰብ የት እንዳለ አንቺው ገምቺው።

እንግዲህ አባታቸው ስለታመመ ልጆቹ ከትምህርት ይቅሩ? ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ብትጠይቂያቸው “አዎ፣ ይቅሩ” የሚል ሰው ከመካከላችሁ የሚገኝ አይመስለኝም። እንዲያውም የአንድ አባት ትልቁ ጭንቀቱ “በእኔ ምክንያት ልጆቼ ወደኋላ ቀሩ” የሚለው ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ መከፈሉ ለእሱም ሕክምና ነው።

ስለ ስልኩ ምንም ማስረጃ አትፈልጊ። ማን ገዛው፣ አጎት ይሁን አክስት፣ አዲስ ነው አሮጌ፣ አትጠይቂ። “ስልኩ እኮ ስጦታ ነው” እያልሽም አትከላከዪ። እንዲያ ካልሽ ነገ ጫማው ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ መጋረጃው። በአንድ ቤተሰብ ላይ የተከፈተ የዕቃ ምርመራ ማብቂያ የለውም። ለሚጠይቅሽ ሰው ሁሉ መልስሽ አንድ ይሁን፦ “ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ በወሩ መግለጫ ላይ አለ። ከዚያ ውጭ ያለው የቤታቸው ጉዳይ ነው።” በእርጋታ በዪው፣ ግን አትቀያይሪው።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። ተረቱ የሸክሙን መቅለል ነው የሚናገረው። አንድ አንድ ሎሚ የያዙት ሃምሳ ሰዎች ያንን ሰውዬ በየደረሰበት እየተከተሉ ይጠይቁት አይልም። ሰጥተነዋል ብለን በቤተሰቡ ኑሮ ላይ ባለመብት የምንሆን ከሆነ፣ ሸክሙን ከትከሻው አውርደን ሌላ ሸክም ጫንበት ማለት ነው። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። የታመመ ሰው መሳቅ ይፈራል። ልብስ መቀየር ይፈራል። ባለቤቱ ፀጉሯን መሠራት ትፈራለች፤ “በእኛ ገንዘብ” ይባላላ! ሰው እርዳታ ተቀብሎ ሰው ሆኖ መኖር መቻል አለበት።

አሁን ወደ እሷ። ከሁሉም በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው። ስልክ አታነሳም ብለሽ አትተዪያት። ሂጂ። ኮሚቴ ሆናችሁ ተሰልፋችሁ ግን አትሂዱ፤ እንደዚያ ከሆነ ሊመረምሯት የመጡ ይመስላታል። ብቻሽን ወይም እሷ ከምትወዳት አንዲት ሴት ጋር ሂጂ። ገንዘብ ይዘሽ አትሂጂ። ወረቀትም አትያዢ። ከባሏ ፊትም ነገሩን አታንሺው፤ ምናልባት ከእሱ ደብቃው ይሆናል። ወደ ጓዳ ስትገባ ተከትለሽ ግቢና እንዲህ በያት፦ “እህቴ፣ የተባለውን ሰምተሻል መሰለኝ። እንደዚያ መባል አልነበረበትም። ሒሳቡን ማቅረብ የእኛ ሥራ ነበር፤ ሳናቀርብ ቀርተን አንቺ ላይ ወደቀ። ይቅርታ አድርጊልን። ማንም ፊት አትቆሚም። እኛ እያለን አይሆንም።” ማን ምን እንዳለ ግን እንዳትነግሪያት። ብትጠይቅሽም አትንገሪያት። ስም ካወቀች ነገ ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መጸለይ ይከብዳታል።

ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። ብታለቅስም፣ ብትቆጣም አድምጪ። ትቆጣ ይሆናል፤ እውነቷን ነው። ሲበርድላት ሁለት ነገር ጠይቂያት። አንደኛው፣ በየወሩ ለቤቱ ስንት ብትሰጡት ሳትጨነቅ እንደምታድር። ይሉኝታ ይዟት “የፈለጋችሁትን” ትልሻለች። አጥብቀሽ ጠይቂያት። ሁለተኛው፣ እርዳታው በዚህ መንገድ እንዲቀጥል ይፈልጉ እንደሆነ። እሱንም ሌላ ቀን ለብቻው ጠይቁት። ይህን ጥያቄ መጀመሪያም ማንም የጠየቃቸው አልመሰለኝም። ሰው ሲታመም ሁላችንም ስለ እሱ እንወስናለን፤ እሱን ግን አንጠይቀውም። “ይህን ንገሩ፣ ይህን አትንገሩ” የማለት መብት አለው።

ፎቶውም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ከነልጆቹ ያሳያችሁት ፎቶ ዛሬ በስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንዳለ ማንም አያውቅም። የሌላ ሰው ፎቶ ወስደው የራሳቸውን የባንክ ቁጥር እየለጠፉ ገንዘብ የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች መኖራቸውንም ሁላችንም እናውቃለን። ከአሁን በኋላ የልጆቹን ፊት አታሳዩ። ልጆች ያድጋሉ፤ ለእርዳታ ተብሎ የታየ ፎቷቸውን የክፍል ጓደኛቸው አውጥቶ ሊያሳያቸው ይችላል። የእሱንም ቢሆን እሺ ካለ ብቻ፣ እሱ የመረጠውን፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያልሆነውን ተጠቀሙ። አዲሱ የባንክ ቁጥር ሲወጣ ደግሞ “ከዚህ ቁጥር ውጭ ሌላ የለም” ብላችሁ አስታውቁ።

መዋጮው ቀነሰ ብለሽ መፍራትሽ ይገባኛል። ግን በወሬው ብቻ አይመስለኝም። መጀመሪያ ላይ ሰው የሰጠው ደንግጦ ነው። ድንጋጤ ደግሞ ያልፋል፤ የኩላሊት ሕመም ግን አያልፍም። ቁጥሩን እንይ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ማለት በዓመት 156 እጥበት ነው። ይህን በአንድ ቀን እንባ መሸፈን አይቻልም። ስለዚህ “እርዱት” የሚለውን ጥሪ እየደጋገማችሁ ሰውን ከማሰልቸት፣ ሥራውን ቁረጡና አከፋፍሉት። 26 ቤተሰብ ብታገኙና እያንዳንዱ በዓመት ስድስት እጥበት ቢይዝ 156ቱ ሞላ። ለአንድ ቤተሰብ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይደርሰዋል ማለት ነው። የአንዱ እጥበት ዋጋ ለአንድ ቤተሰብ ከበዛ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ይጣመሩበት። ሰው የያዘውን ቀን ሲያውቅ በዚያ ቀን ይጸልያል፣ ይደውላል፣ “ዛሬ የእኛ ተራ ነው” ይላል። መስጠቱም ፊት ይኖረዋል።

የሰጪ ስምና መጠን ግን በአደባባይ አይነበብ። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለዚህ የሚለውን ታውቂያለሽ። የሌለው ሰው አፍሮ እንዲሰጥ አታድርጉት። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ብሏል። ከዚያ በኋላ በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስም የዘመኑን ክርስቲያኖች የእሑድ ጉባኤ ሲገልጽ፣ ያላቸውና የፈቀዱ ሰዎች እንደ ፈቃዳቸው ይሰጣሉ፣ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ ዘንድ ተቀምጦ ወላጅ አልባ ልጆች፣ መበለቶች፣ በበሽታ ወይም በሌላ ምክንያት የተቸገሩ፣ የታሰሩና እንግዶች ይረዱበታል ብሎ ጽፏል። ልብ በዪ፤ በፈቃድ ነው የሚሰጠው፣ በታወቀ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱም አብረው ናቸው።

ገንዘብ የሌለውም ሰው ሥራ አለው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ። ወደ እጥበት የሚያደርሰውና የሚመልሰው። አራቱን ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ፣ ባለቤቱ ያን ቀን እንድትተኛ። አንድ ጎበዝ ሰው ደግሞ ሆስፒታሉ ማኅበራዊ ጉዳዮች ክፍል ሄዶ የክፍያ ቅነሳ ይኖር እንደሆነ፣ የጤና መድን የሚሸፍነው እንዳለ፣ አሠሪው የነበረው ድርጅት የሚከፍለው ጥቅም ካለ ይጠይቅ። አንዳንዴ የስንት ወር መዋጮ አንድ ያልተሞላ ፎርም ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ምግብና ፍራፍሬ ይዘው ለሚሄዱ ሰዎችም ንገሪልኝ፤ እጥበት ላይ ላለ ሰው ሁሉም ነገር አይፈቀድም። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ስለሚበዛባቸው ሊጎዱት ይችላሉ። ጨውና የሚጠጣው ፈሳሽም ይመጠንበታል። በፍቅር የመጣ ነገር እንዳይጎዳው አስቀድመው ባለቤቱን ይጠይቁ።

ስለ ንቅለ ተከላው አሁኑኑ ማሰብ ጀምሩ። ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ በየሳምንቱ ከሚወጣው ለዩት፤ አለበለዚያ ቀኑ ሲደርስ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ንቅለ ተከላ ደግሞ የወጪ መጨረሻ አይደለም። አዲሱ ኩላሊት እስከሠራ ድረስ ሰውነቱ እንዳይቃወመው የሚያደርግ መድኃኒት ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። ይህን ለሰጪዎቹ ከአሁኑ ንገሯቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ “ዳነ፣ አበቃ” ተብሎ መድኃኒቱ ቢቋረጥ ኩላሊቱ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ “ከፍለን ኩላሊት የሚሸጥ ሰው እንፈልግ” የሚል ሐሳብ ይመጣል። አትቀበሉት። የሰው አካል መሸጥና መግዛት በአብዛኛው የዓለም አገራት ወንጀል ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቃቸው መርሆዎች ይከለክሉታል። የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ሌላ የተቸገረ ሰው ነው። በፈቃዱ የሚሰጥ ዘመድ ከተገኘ ግን የምርመራውን፣ የጉዞውን፣ ከሥራ የሚቀርበትን ጊዜ ወጪ መሸፈን ይቻላል። መሸፈንም አለበት። ለእሱም መዋጮው ውስጥ ቦታ ያዙለት።

ለመጠየቅ ያፈርሽበትን ጉዳይ በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ቦታ ጸብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም በለቅሶ ሰሞን። ስለዚህ አሁን፣ ሰው ሁሉ ረጋ ባለበት ጊዜ፣ ወስኑና በቃለ ጉባኤ ጻፉት። ለቤተሰቡ ማንበብ አያስፈልግም፤ ለሽማግሌዎችና ለፈራሚዎቹ ይበቃል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወንድማችን ድኖ ገንዘብ ቢተርፍ፣ መጀመሪያ ለመድኃኒቱና በሕመሙ ምክንያት ለገቡበት ዕዳ ይዋል። ክፉው ቢመጣም የመጀመሪያው ድርሻ የቤተሰቡ ነው። ያለቀው ሕክምናው እንጂ ችግራቸው አይደለም። ዕዳው ይከፈል፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት የቤቱ መተዳደሪያ ሳይቋረጥ ይሰጣት። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ ቤተ ክርስቲያኗ ለሚቀጥለው ታማሚ ታስቀምጠው፤ ይህም ለምዕመናን ይነገር። “ቀብሩ አለቀ፣ የቀረውን መልሱልን” የሚል ሰው ቢነሳ የተጻፈውን ታሳዩታላችሁ።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ እሷ ጋ ሂጂ። ከዚያ ባንክ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ። ለምዕመናን የምትናገሩት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሷም ምን እንደምትናገሩ አስቀድማ ትስማው፣ የሚከብዳት ቃል ካለ ይውጣ። የመጀመሪያውን መግለጫ ስታዘጋጂ እንዴት እንደምትጽፊው ከቸገረሽ ቁጥሮቹን ትተሽ ረቂቁን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።